ቆላ ወይስ ደጋ? የአሜሪካኖች ትልቁ ጨዋታ የት ይሁን

ልጆቻቸው አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ይህን ሳያስተውሉ አይቀሩም፤ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ስልክ ሲደወል ወሬው ሁሉ ስለ ኳስ ይሆናል። እኛ ስለምናውቀው እግር ኳስ ግን አይደለም። የእንቁላል ቅርጽ ያለውን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ ሄልሜት አጥልቀው፣ ትከሻቸውን በመከላከያ አሳብጠው እንደ ወይፈን የሚላተሙበት የአሜሪካ ፉትቦል ነው። የዋንጫው ጨዋታ ሱፐር ቦውል ይባላል። የዚያን ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ይሰበሰባል፤ የሚበላውና የሚጠጣው ከዓመት በዓል አያንስም።

በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ሚኒሶታ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ አምስት ወር ቆይቻለሁ። የኳሱን ሕግ እስከ ዛሬ በቅጡ አላወቅሁትም። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ የሚያርፈው በሜዳው ላይ ሳይሆን በተመልካቹ ላይ ነው፤ ማን ኮፍያ አላደረገም፣ የማን ልጅ ከንፈር ነጣ፣ የትኛው ሽማግሌ ውሃ ሳይጠጣ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀመጠ እያልኩ አያለሁ። አሜሪካኖቹም በየዓመቱ የሚከራከሩበት ጉዳይ ከእኔ ሙያ ጋር የሚገናኝ ሆኖ አገኘሁት። ትልቁ ጨዋታ በሞቃት አገር ይደረግ ወይስ በብርዳሙ? በእኛ አነጋገር ቆላ ይሁን ወይስ ደጋ?

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ ከየት መጣ

የፉትቦሉ ውድድር የሚጀምረው በመስከረም፣ ገና ሙቀቱ ሳይበርድ ነው። የሚያልቀው በየካቲት፣ በረዶው ጉልበት ድረስ በሚቆለልበት ጊዜ ነው። በጥር የሚደረጉት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች የተሻለ ውጤት ባለው ቡድን ሜዳ ይካሄዳሉ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በማያሚ ሙቀት ሲጫወት የከረመ ቡድን በጥር ወር ወደ በረዶ አገር ሊላክ ይችላል። የዋንጫው ጨዋታ ግን ከዓመታት በፊት በተመረጠ ከተማ ነው የሚደረገው። ሊጉ ለረጅም ጊዜ ይዞት የቆየው መመሪያ፣ አስተናጋጁ ከተማ በዚያ ወር አማካይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ እንዳያንስ፣ አለዚያም ስታዲየሙ ጣራ ያለው እንዲሆን የሚል ነው።

በዚህም የተነሣ ሱፐር ቦውል በአብዛኛው የቆላ እንግዳ ሆኖ ኖሯል። ከ1967 እስከ 2025 ከተደረጉት 59 ጨዋታዎች ውስጥ 11ዱ በማያሚ አካባቢ፣ 11ዱ በኒው ኦርሊንስ፣ 8ቱ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው የተደረጉት። ሦስት ሞቃት አካባቢዎች ብቻ ከግማሽ በላዩን ወሰዱ ማለት ነው። በሰሜኑ ብርድ አገር የተደረጉት ስድስት ብቻ ናቸው።

የደጋው ሰዎች በዚህ አይደሰቱም። "ፉትቦል የሜዳ ጨዋታ ነው፤ በረዶውም ነፋሱም የጨዋታው አካል ነው፤ እኛ ክረምቱን ሁሉ ተንቀጥቅጠን የደገፍነው ቡድን ዋንጫውን ለምን ዘንባባ ሥር ይጫወታል?" ይላሉ። የቆላው ሰዎች ደግሞ "ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ ከፍሎ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣበት ቀን ነው፤ ምን በደለና ይቀዝቅዝ?" ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱንም አገር በዓይኔ ስላየሁ የየራሳቸውን ልንገራችሁ።

ጽጌረዳ በጥር

የቆላው ታሪክ የሚጀምረው ሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው ፓሳዴና ነው። ፌርፋክስ በሚባለው መንገድ፣ ከ2002 ጀምሮ "ሊትል ኢትዮጵያ" የሚል ስም በተሰጠው የሐበሻ ሰፈር አቅራቢያ የሚኖር የወንድሜ ልጅ አለ። እሱ ነው "አክስቴ፣ የኳሱን እናት ላሳይሽ" ብሎ የወሰደኝ።

በ1890 የፓሳዴና ሰዎች በጥር 1 ቀን የአበባ ሰልፍ ጀመሩ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ በኒው ዮርክና በሌላው የምሥራቅ ከተማ ያለው ዘመዳቸው በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ እዚህ ጽጌረዳ እንደሚያብብ፣ ብርቱካን እንደሚያፈራ ለማሳየት ነው። እኛ መስከረምን በአደይ አበባ እንደምንቀበል እነሱም አዲሱን ዓመታቸውን በጽጌረዳ ይቀበላሉ። በ1902 ሰልፉ ላይ የኳስ ጨዋታ ጨመሩበት። ከብርዳሙ ሚሺጋን የመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የካሊፎርኒያውን የስታንፎርድን ቡድን 49 ለ 0 አሸነፉት። እስከ 1916 ድረስ የኳሱ ነገር ተተወ፤ በመሐሉ የሠረገላ እሽቅድምድም ሁሉ ሞክረው ነበር። በ1922 ዛሬም ድረስ የሚያገለግለውን ሮዝ ቦውል የተባለውን ስታዲየም ሠሩ። "ቦውል" ጎድጓዳ ሳህን ማለት ነው፤ ስታዲየሙ በርግጥም ከተራሮች ሥር የተቀመጠ ሳህን ይመስላል። የሱፐር ቦውል ስምም ከዚሁ የወረደ ነው።

ሌሎቹ ሞቃት ከተሞች ይህን አይተው ዝም አላሉም። በ1935 ማያሚ በብርቱካን፣ ኒው ኦርሊንስ በስኳር፣ ኤል ፓሶ በፀሐይ ስም የየራሳቸውን የአዲስ ዓመት ጨዋታ ጀመሩ። በ1937 ዳላስ በጥጥ ስም ተከተለች። ብርቱካን፣ ስኳር፣ ፀሐይ፣ ጥጥ፤ ስሞቹ ራሳቸው የቆላ ገበያ ናቸው። ኳሱ ብርድ የሰለቸውን ቱሪስት መጥሪያ ነበር።

ፓሳዴና ስቆም አየሩ እንደ ግንቦት አዲስ አበባ ነበር፤ ለሽማግሌም ለሕፃንም የተመቸ። ቢሆንም ስታዲየሙ ውስጥ ዞር ብዬ ጥላ ፈለግሁ፤ ከጥቂት ቦታ በቀር አጣሁ። ከሰዓት በኋላ ሦስትና አራት ሰዓት እዚያ የሚቀመጥ የ75 ዓመት ሰው ታየኝ። እርጅና ጥማትን ያደበዝዛል፤ ሰውነቱ ውሃ እያጣ ጥሙ ላይሰማው ይችላል። ብዙዎቻችን ለደም ግፊት የምንወስደው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ደግሞ ፈሳሹን ይቀንሰዋል። ሱፐር ቦውል ራሱ በ1973 በሎስ አንጀለስ በ29 ዲግሪ ሙቀት ተደርጎ ያውቃል። ይህ በክረምቱ ወር ነው።

የበረዶው ሜዳ

የደጋው መዲና ዊስኮንሲን ውስጥ ያለችው ግሪን ቤይ ናት። በግንቦት ወር አማቼ ከሚኒያፖሊስ ተነሥቶ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነድቶ ወሰደን፤ መንገዱ የከብት እርባታና የጥድ ደን ነው። ግሪን ቤይ ወደ 107,000 ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። ስታዲየሟ ላምቦ ፊልድ ግን ከ80,000 በላይ ሰው ይይዛል። ቡድኑ ፓከርስ የአንድ ሀብታም ንብረት አይደለም፤ ከ1923 ጀምሮ የሕዝብ አክሲዮን ነው። የዓመት ቲኬት ለማግኘት የሚጠባበቁት ከ140,000 በላይ ሲሆኑ፣ ልጅ ሲወለድ ስሙን በወረፋው ላይ የሚያስመዘግቡ ወላጆች አሉ። በበጋው ልምምድ ጊዜም የሰፈሩ ልጆች ብስክሌታቸውን ለተጫዋቾቹ ያውሳሉ፤ ግዙፉ ሰውዬ በትንሿ ብስክሌት ጉልበቱን አጥፎ ሲሄድ ልጁ ሄልሜቱን ይዞ በጎን ይሮጣል። በረዶ በጣለ ጊዜ ደግሞ የከተማው ሰው በሰዓት እየተከፈለው ስታዲየሙን በአካፋ ይጠርጋል።

እዚህ ሜዳ ላይ ነው በታኅሣሥ 31 ቀን 1967 "የበረዶው ጨዋታ" የተባለው የተካሄደው። ፓከርስ ከቴክሳሱ ዳላስ ካውቦይስ ጋር ሲጋጠሙ አየሩ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ ሥጋ የምናስቀምጥበት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ነው። ሣሩ ሥር የተቀበረው የማሞቂያ ሽቦ አልሠራ ብሎ ሜዳው እንደ መስታወት ረጋ። ከዳኞቹ የአንዱ ፊሽካ ከንፈሩ ላይ ተጣብቆ ሲላቀቅ ቆዳውን ይዞ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታውን በድምፃቸው መሩት። የማርሽ ባንዱ መሣሪያዎች ስለረጉ ትርዒቱ ቀረ፤ ከተማሪዎቹም ሆስፒታል የገቡ ነበሩ። ፓከርስ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር በተገኘ ነጥብ 21 ለ 17 አሸነፉ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ማያሚ ወርደው ሱፐር ቦውልንም ወሰዱ።

አሜሪካኖች ይህን ጨዋታ እንደ ጀግንነት ያወሩታል፤ መጽሐፍ ተጽፎለታል፣ ፊልም ተሠርቶለታል። ወደ 50,000 ሰው ተቀምጦ ካየው ውስጥ ግን አንድ ተመልካች በብርዱ ሞቷል። አስጎብኚው ይህን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔም ወንበሮቹን ነካሁ፤ አብዛኞቹ የአሉሚኒየም አግዳሚዎች ናቸው። ብረት ከሰውነት ሙቀት ይመጥጣል፤ በግንቦት እንኳ ቀዝቅዞኛል።

ስምንት ቀን በሁለት ዓለም

ቆላንና ደጋን በአንድ ሳምንት የቀመሰ ቡድን አለ። የካሊፎርኒያው ሳንዲያጎ ቻርጀርስ በጥር 2 ቀን 1982 ማያሚ ላይ፣ በ24 ዲግሪ ገደማና ልብስን ከገላ በሚያጣብቅ ወበቅ፣ ተጨማሪ ሰዓት ተጫውቶ 41 ለ 38 አሸነፈ። ኬለን ዊንስሎው የተባለው ተጫዋች ፈሳሹ ተሟጦ፣ ጡንቻው ተኮማትሮ፣ በሁለት ጓደኞቹ ተደግፎ ነው ከሜዳ የወጣው። በስምንተኛው ቀን ያው ቡድን ሲንሲናቲ ላይ ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ውስጥ ተሰለፈና 27 ለ 7 ተሸነፈ። በሁለቱ ሜዳዎች መካከል የ47 ዲግሪ ልዩነት ነበር።

የሰው ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ላቡ ይጨምራል፣ ጨው መቆጠብ ይማራል፣ ልብም ትረጋጋለች። ብርድን ግን እንደዚያ አይለምድም፤ ብርድን የሚችለው በልብስ፣ በምግብና በመጠለያ ነው። ብርድ ሲበዛበት ሰውነት እንደ ቆጣቢ ባለትዳር ይሆናል፤ ያለውን ሙቀት ለልብ፣ ለሳንባና ለአንጎል አስቀርቶ ከጣት፣ ከአፍንጫና ከጆሮ ይነሣል። የደም ሥር ስለሚጠብ የደም ግፊት ይጨምራል። ሕፃን ደግሞ ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ብዙ ስለሆነ ከአዋቂ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። በዕድሜ የገፋ ሰው የመንዘፍዘፍ ኃይሉ ስለሚደክም መቀዝቀዙን እንኳ ሳያውቀው ይቀራል።

"ሲሞቅ በማንኪያ፣ ሲበርድ በእጅ" ይላሉ አበው። ለሁለቱም የየራሱ አያያዝ አለው።

በደጋው አገር ሙቀት ሲገድል

ልጄ የምትኖርበት ሚኒያፖሊስ በብርዱ የሚኮራ ከተማ ነው። ዋናው የከተማው ክፍል ሕንጻ ከሕንጻ በሚያገናኝ፣ በመስታወት በታጠረ የፎቅ መተላለፊያ የተያያዘ ነው፤ አንድ ላይ ሲደመር ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሰው ካፖርቱን ሳይለብስ ከቢሮ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ምሳ ይሄዳል። ስታዲየሙ አጠገብ ባለው ሴዳር ሪቨርሳይድ በተባለው ሰፈር ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን በብዛት ይኖራሉ። ከሐሩር አገር መጥተው በረዶውን የለመዱበት መንገድ ራሱ ትምህርት ነው፤ እናቶቹ ልጅ ሳያለብሱ ከደጅ አያወጡም።

እኔ በደረስኩበት ሰሞን ሱፐር ቦውል ከተማዋ ላይ ነበር። በየካቲት 4 ቀን 2018 ጨዋታው ሲጀመር ከደጅ ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ ነበር፤ ከሱፐር ቦውል ቀኖች ሁሉ ብርዳሙ። ውስጥ ግን ሰው በሸሚዝ ተቀምጧል። ጣራው በረዶ እንዲያንሸራትት ቁልቁል ተደርጎ ነው የተሠራው። ምክንያት አላቸው፤ በታኅሣሥ 2010 የቀድሞው ስታዲየም የጨርቅ ጣራ በበረዶ ክብደት ተቀዶ ወርዷል፤ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። ከጨዋታው በፊት አሥር ቀን ሙሉ በኒኮሌት መንገድ ላይ በነጻ የሚታይ ፌስቲቫል ነበር። የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ እጄን እየጎተተ "እማማ፣ ትንሽ ብቻ!" ይለኛል፤ እኔ ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ ወደ ሞቀው ሕንጻ አስገባዋለሁ። አልተጣላንም፤ ገብተን ወጣን፣ ገብተን ወጣን።

ታዲያ በዚሁ ግዛት የኳሱን ሰዎች በእጅጉ ያስደነገጠው ሞት የብርድ አይደለም። ከሚኒያፖሊስ ደቡብ ምዕራብ ባለችው ማንካቶ የሚኒሶታ ቫይኪንግስ ቡድን የበጋ ልምምድ ያደርግ ነበር። ኮሪ ስትሪንገር የተባለ የ27 ዓመት፣ ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጠንካራ ተጫዋች በሙቀት ተመትቶ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርስ የሰውነቱ ሙቀት ከ42 ዲግሪ በላይ ነበር። በነሐሴ 1 ቀን 2001 ሞተ። ሚስትና ትንሽ ልጅ ነበረው። ከዚያ በኋላ ሊጉ በሙቀት ወቅት የሚደረግ ልምምድን በተመለከተ ጥንቃቄውን ጨመረ፤ በ2010 ደግሞ በኮኔክቲከት ዩኒቨርሲቲ በስሙ ተቋም ተቋቁሞ የተማሪ ስፖርተኞችን ሞት ለመከላከል ይሠራል። የተቋሙ ዋና ትምህርት ቀላል ነው፤ በሙቀት የተመታን ሰው መጀመሪያ እዚያው በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ደቂቃዎች ናቸው የሚያድኑት።

በብርድ አገር ሙቀት ገደለ። ይህን ስሰማ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘብኝ።

ያልታሰበበት አየር

ከዚያ በኋላ የሌሎቹን ከተሞች ታሪክ ስከታተል ተመሳሳይ ነገር አገኘሁ። በ2000 ሱፐር ቦውል በደቡባዊቷ አትላንታ ሲደረግ ከተማዋን በረዶ መታት። በ2011 በቴክሳስ አርሊንግተን፣ ደረቅና ሞቃት ይሆናል በተባለበት አገር፣ በጨዋታው ሳምንት በረዶ ጣለ፤ ሁለት ቀን ሲቀረው ከስታዲየሙ ግዙፍ ጣራ የበረዶ ክምር ተንሸራትቶ ሥር በነበሩ ሰዎች ላይ ወድቆ አቆሰላቸው። የቴክሳስ ሰው እንደ ሚኒሶታው ጣራውን አንጋጦ ማየት አልለመደም።

በ2014 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱፐር ቦውል በብርድ አገር፣ ጣራ በሌለው ስታዲየም፣ በኒው ጀርሲ ተደረገ። ሁሉም ብርዱን ፈርቶ ነበር። በየወንበሩ ላይ ኮፍያ፣ የእጅ ማሞቂያ፣ የከንፈር ቅባት አስቀመጡ። ጨዋታው ሲጀመር አየሩ 9 ዲግሪ ገደማ ሆነ። የተቸገሩትስ? ወፍራም ካፖርት ለብሰው ሲካከስ በተባለው የባቡር ጣቢያ ተጨናንቀው የቆሙት ናቸው፤ በሙቀት ብዛት የተዝለፈለፉ ነበሩ። በማግስቱ ጠዋት በረዶው ወርዶ በረራ ተሰረዘ። አንድ ቀን ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።

በደጋ ያደገም ቢሆን ከብርድ ዋስትና የለውም። በጥር 13 ቀን 2024 ካንሳስ ሲቲ ከማያሚ ጋር በጥሎ ማለፍ ሲጫወት አየሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነበር፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ቆዳ ላይ ከዜሮ በታች 33 ያህል ይሰማል። ካንሳስ 26 ለ 7 አሸነፈ፤ ስታዲየሙ በደስታ ተናወጠ። ከሁለት ወር በኋላ ግን የከተማው ሆስፒታል ሐኪሞች፣ ጨዋታውን ካዩት መካከል ጣታቸው በውርጭ ሞቶ የተቆረጠባቸው እንዳሉ ተናገሩ። እነዚህ ሰዎች ከማያሚ የመጡ ብቻ አይመስሏችሁ። ኳስ ልብን ሲሰቅል ሰው ጓንቱን ያወልቃል፣ ያጨበጭባል፣ ስልኩን ይነካካል፣ የጣቱ መደንዘዝ ያስደነግጠው ሲገባ ሕመሙ ስለጠፋለት ይተወዋል። ከስታዲየሙ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ የዋለ ደግሞ የባሰ ነው። አልኮል ሙቀት የሚሰጥ ይመስላል እንጂ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያፈስሰዋል።

የእኔ ፍርድ

ታዲያ የት ይሁን? የቡድኑ ከተማ በራሱ ሜዳ የሚያስተናግደው የጥር ጨዋታ እዚያው በደጋው ይቅር እላለሁ። የግሪን ቤይ ሰው ከአያቱ የወረሰው ቦታ ነው፤ ካልሲውን፣ ሱፉን፣ የሚቀመጥበትን ካርቶን ያውቃል፤ ቤቱም ቅርብ ነው። አንድ ቀን ግን ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ ጨዋታውን በአንድ ቀን ማዘግየት ውርደት ሊሆን አይገባም። በመብረቅ ጊዜ ጨዋታ ያቋርጣሉ፤ ውርጭስ ምን ለየው?

የዋንጫው ጨዋታ ግን ቆላ ወይም ጣራ ሥር ይሁን። ምክንያቴ ተጫዋቾቹ አይደሉም። ተጫዋቹ ሐኪም አጠገቡ አለ፣ ማሞቂያ አለው፣ እየሮጠ ነው። የማስበው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ አየሩን ሳያውቅ፣ ላይኛው ረድፍ ላይ ለአራት ሰዓት ለሚቀመጠው አያት ነው። ያም ሆኖ ቆላ ስለሆነ ብቻ አይዘናጉ፤ ጥላና ውሃ የሌለው ቆላ፣ መጠለያ ከሌለው ደጋ አይሻልም።

ይህ ፍርድ ቤታችን ድረስ መጥቶ ተፈትኗል። እኔ ወደ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ በታኅሣሥ አማቼ ልጁን ይዞ ላምቦ ፊልድ ሊሄድ ተነሣ። ልጄ "አይሆንም" አለች። ነገሩ ከረረና በስልክ ወደ እኔ መጣ። "እማዬ፣ አንቺ ነርስ ነሽ፣ አንቺ ወስኚ" አለችኝ። ሁለቱንም አዳመጥኩና፣ አየሩ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ካለፈ እንዲቀሩ፣ ካላለፈ ደግሞ የምዘረዝረውን አሟልተው እንዲሄዱ ነገርኳቸው። አማቼም "እሺ እማማ" አለ። ያንን ዝርዝር ለእናንተም ልስጣችሁ፤ ለኳስ ባይሆን ልጅ ለማረስ ወይም ለጥየቃ በክረምት መሄዳችሁ አይቀርም።

ለብርድ፦

ከውስጥ ሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ልብስ፣ በላዩ ወፍራም፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያሳልፍ ይልበሱ። ጋቢያችን ለቤት ውስጥ ወደር የለውም፤ ጥጥ ግን ከረጠበ ሙቀት አይይዝም፣ በረዶ ላይ አይመኑበት። ከእግር ሥርና ከመቀመጫ ሥር ካርቶን ወይም የታጠፈ ጋዜጣ ያድርጉ። ጫማ የሚያጨናንቅ ካልሲ አይደርቡ። ልጁን በየሩብ ሰዓቱ ጣትና ጆሮውን እየዳሰሱ ይጠይቁት። በእኛ ቆዳ ላይ ውርጭ የመታው ቦታ እንደ ፈረንጅ አይቀላም፤ አመድማ ወይም ግራጫ ይሆናል፣ ይደነዝዛል። ያን ጊዜ አያሹት፣ እሳት ወይም ማሞቂያ ላይ አያስጠጉት፤ ሞቀ ቦታ ገብተው ለብ ባለ ውሃ ይንከሩትና ሐኪም ያሳዩ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ስለማይሰማው በዓይኑ ይየው።

ለሙቀት፦

ጥሙ እስኪመጣ አይጠብቁ፤ በየጊዜው ውሃ ይጎንጩ። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ሰፊ ባርኔጣ ያድርጉ፤ ቲኬት ሲገዛ የጥላውን ወገን ያስጠይቁ። ሰው ከተደናገረ፣ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ በላብ ቢርስም እንኳ በሙቀት ሊመታ ይችላልና እርዳታ እየተጠራ ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ውሃ ያቀዝቅዙት።

በሁለቱም ጊዜ ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በሰዓቱ ስንት ዲግሪ ይሆናል? ቶሎ የሚደረስበት ሙቅ ክፍል ወይም ጥላ አለ? ጨዋታው ሳያልቅ መውጣት ብንፈልግ መኪናው የት ነው?

አማቼና ልጁ ሄደው በዕረፍት ሰዓት ተመለሱ። ልጁ በስልክ አኩርፎ ነበር፤ ቡድናቸው ያሸነፈውን ሁለተኛውን አጋማሽ ያዩት በመኪና ሬዲዮ ነውና። "እማማ፣ ሁሉም ሰው እኮ እዚያው ነበር!" አለኝ። "ጣቶችህን ቁጠርልኝ" አልኩት። ቆጠራቸው፤ አሥርም ነበሩ።